ስዋንሲ ወይስ ስዎንዚ? አበርታዌስ የት ነው?

1. የጣናው ልጅ

ሰላም ለቤቱ። እንግሊዝ አገር ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ለማስተርስ ነው የመጣሁት። ከተማዋን የማውቃት በኳስ ነው፤ ስዋንሲ። ኤምባሲ ሲጠይቁኝ ስዋንሲ፣ ዘመድ ሲጠይቀኝ ስዋንሲ። ማንም አላረመኝም።

ለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ትኬት መቁረጫው ጋ ቀርቤ "ስዋን ሲ" አልኩ። "የት?" አለኝ ሰውዬው። ደገምኩለት። እንዲገባው ብዬ "ሲ"ዋን ጠበቅ አደረግኳት። ጭራሽ ጠፋበት። በሦስተኛው ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። "ኦ! ስዎንዚ!" አለ። እኔ ምን ብዬ ነበር ታዲያ?

ሁለተኛው ይብሳል። ካርዲፍ ላይ ባቡር መቀየር ነበረብኝ። ሰሌዳው ላይ መድረሻው "አበርታዌ" ይላል። ባቡሩ ፊቴ ቆሟል፣ በሩ ተከፍቷል፣ ሰው ይገባል። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ስዋንሲ የሚል ባቡር እጠብቃለሁ። ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የሚቀጥለውም "አበርታዌ" አለ። ደግነቱ በዚህኛው ሰሌዳው ቋንቋ ሲቀይር አየሁት። አበርታዌ የነበረበት ቦታ ላይ ስዋንሲ መጣ። ለካ አንድ ናቸው።

ጥያቄዬ እንግዲህ፦ በትክክል እንዴት ነው የሚጠራው? "ዚ"ዋ ከየት መጣች? አበርታዌ የሚለውንስ በእንግሊዝኛ ሳወራ ልጠቀምበት ወይስ ይስቁብኛል?

2. ሹፌሩ ከለንደን

ሃሃ፣ እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። በ"ሲ" ያልቀለለ አበሻ እዚህ አገር የለም።

እኔ የተማርኩት በመንጃ ፈቃድ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲቪኤልኤ፣ ያለው እዚያ ከተማ ነው። ለንደን ላይ ታክሲ የሚነዳ ሰው ወረቀቱ ሲዘገይበት "ስዎንዚ ልኬዋለሁ"፣ "ስዎንዚ መልስ አልሰጡኝም" ነው የሚለው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አይጠራም። ከተማዋ ራሷ የመሥሪያ ቤቱ ስም ሆናለች። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስዎንዚ የሴት ስም መስሎኝ ነበር። የምትፈርም ትልቅ ኃላፊ።

ስዎን ብለህ በኃይል ትጀምራለህ፣ "ዚ"ዋን ወርውረሃት ታልፋለህ። አትጎትታት።

በነገራችን ላይ ለመንዳት ካሰብክ፣ የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ እዚህ 12 ወር ብቻ ነው የሚያስኬድህ። መቀየር የለም። ፈተና ትገባለህ።

3. አዝማች

ቆይ ቆይ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። በፈረንጆቹ 2011 ፕሪሚየር ሊግ ሲገቡ ጀምሮ ስዋንሲ ነው የምንለው። ከዌልስ ፕሪሚየር ሊግ የገባ የመጀመሪያው ክለብ ናቸው። በ2013 ብራድፎርድን 5 ለ 0 አሸንፈው የሊግ ካፕ ሲወስዱ፣ ማይክል ላውድሩፕ አሠልጣኝ ሆኖ፣ ሚቹ ጎል እያገባ፣ ያኔም ስዋንሲ ነበሩ። በ2018 ሲወርዱም ስዋንሲ ሆነው ነው የወረዱት። አሁን "ዚ" ልበል?

ደግሞ አርማቸውን እዩት። ወፏ ናት። አንገተ ረጅሟ ነጭ የውሃ ወፍ። ስዋን። ከተማው ደግሞ ባሕር ዳር ነው፤ ሲ። ስዋን እና ሲ። ምኑ ነው የሚያከራክረው?

4. አስኳላ

አዝማች፣ ስህተቱ እዚሁ ጋ ነው። ስሙ ውስጥ ወፍም ባሕርም የለም።

ስሙን ያወጡት ከሰሜን የመጡ መርከበኞች ናቸው። ቫይኪንጎቹ። በእነሱ ቋንቋ ስዌይን የሰው ስም ነው። "ኤይ" ደግሞ ደሴት ማለት ነው። የስዌይን ደሴት። የለም ሁለተኛው ክፍል ባሕር ነው የሚሉም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ባለቤቱ ስዌይን በመሆኑ ይስማማሉ። የዴንማርኩ ንጉሥ ስዌይን ነው የሚለው ግን የአፍ ወሬ ነው፣ ማስረጃ የለውም። ስዌይን በዚያ ዘመን እንደኛ ተስፋዬ ነው፣ በየመንደሩ አለ።

በ12ኛው መቶ ዘመን ለከተማዋ በተሰጠው ቻርተር ላይ ስሟ "ስዌይኔሴ" ነው። በ1215 ንጉሥ ጆን በሰጠው ላይ "ስዌይኔሼ" ነው። ወፏ የለችም። ዘመን እየገፋ ሰው ትርጉሙ ጠፋበትና የሚያውቀውን ቃል አስገባበት። አርማው ላይ ያለችው ወፍ ከስሙ አልመጣችም፤ ስሙ ከተበላሸ በኋላ ነው የመጣችው።

አሁን "ዚ"ዋ። እንግሊዝኛ ላይ "የ" የምንለውን በ"ስ" ነው የሚያመጡት፣ ከስሙ ኋላ። ያ "ስ" ከ"ን" ቀጥሎ ሲመጣ ወደ "ዝ" ይሄዳል። ጆንስ የሚለውን የአባት ስም አስቡት። ዌልስ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውር ጆንስን ነው የምትመታው። ጽሑፉ ላይ "ስ" ነው፣ ሲጠራ ግን ጆንዝ ነው። የጆን ልጅ። ስዎንዝም እንዲሁ፣ የስዌይን። ከዚያ "ኢ"። ስለዚህ ቃሉ የሚቆረጠው ስዎን ብሎ ሲ አይደለም፤ ስዎንዝ ብሎ ኢ ነው። "ዝ"ዋ የባሕር አይደለችም፣ የሰውዬው ናት።

5. አዝማች

እሺ መምህር። ታዲያ ቼልሲ ለምን ቼልዚ አልሆነም?

6. አስኳላ

ጥሩ ጥያቄ። ቼልሲም ባሕር የለውም። መሀል ለንደን ላይ ምን ባሕር አለ? የጥንቱ ስም የኖራ ድንጋይ የሚወርድበት የወንዝ ወደብ ማለት ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው ባተርሲ ደግሞ የባድሪክ ደሴት ነው። እሱ እንደ ስዎንዚ የሰው ስምና ደሴት ሆኖ እያለ "ሲ" ብለው ነው የሚጠሩት። በሰሜን ዌልስ ያለችው ትልቅ ደሴት አንግልሲም የቫይኪንግ ስም ናት፣ እሷም "ሲ" ናት። ስለዚህ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም። ሕጉ ይኸው ነው ብዬ ብነግርህ እዋሻለሁ። የአገሬውን ሰው አፍ መስማት ነው።

7. እትዬ ጀበና

ልጆች እንዴት ዋላችሁ። እኔ እዚሁ ከተማ 12 ዓመቴ ነው። በጥገኝነት ነው የመጣሁት። መርጬ አይደለም፤ ለንደን እጄን ሰጠሁ፣ አውቶቡስ ላይ ጫኑኝ፣ አወረዱኝ። ስሟን ያወቅኩት ከወረድኩ በኋላ ነው። አሁን ውጪ ብትሉኝ አልወጣም።

የጣናው ልጅ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልምከርህ። "እንግሊዝ አገር" እያልክ አትጻፍ። በአማርኛ ለኛ ልማድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በእንግሊዝኛ ለአንድ የከተማው ሽማግሌ "እንግሊዝ ውስጥ ነው የምኖረው" ብትለው ፊቱ ይጠቁራል። ይሄ ዌልስ ነው። እነሱ በቋንቋቸው አገራቸውን "ከምሪ" ነው የሚሏት። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ፣ የአረጋውያን ቤት ነበር፣ ይህችን ስህተት ሠርቼ አንዲት የ90 ዓመት እናት ለሁለት ቀን ሻይ አልቀበልም ብለውኛል።

ስዎንዚ የሚለው ትክክል ነው። ሹፌሩ እንዳለው ነው። አንድ ዘዴ ልጨምርልህ፦ በስልክ አልሰማ ካሉህ ፖስት ኮድህን ንገራቸው። "ኤስ ኤ" ብለህ ስትጀምር ወዲያው ይገባቸዋል።

አበርታዌ ደግሞ ራሱን የቻለ ስም ነው። የስዎንዚ ትርጉም አይደለም። "አበር" ማለት ወንዝ ባሕር ላይ የሚፈስበት ቦታ ነው። ታዌ ወንዙ ነው። በከተማው መሀል ያልፋል፣ ታየዋለህ። አንዱ ስም የሰውዬው፣ ሌላው የወንዙ ነው። "ታ" ላይ ጫን በል። "ር"ዋን አትዋጣት፣ እንደኛ ር ነው፣ ትንቀጠቀጥ። እንግሊዞቹ እሷን መዋጥ ስለሚወዱ አበርታዌ ላይ እኛ እንበልጣቸዋለን። ልጄ እንደዚያ ነው የምትለኝ። በዌልሽኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። "እማ፣ አንቺ ከአስተማሪዬ ጓደኛ ትሻያለሽ" ብላኛለች። የአስተማሪዋ ጓደኛ ለንደን የተወለደች ናት።

8. የጣናው ልጅ

እትዬ ጀበና በጣም አመሰግናለሁ። "እንግሊዝ አገር" ለሚለው ይቅርታ፤ ርዕሱ ላይ ስላልጻፍኩት ተርፌያለሁ።

ግን አሁንም አልተመለሰልኝም። በእንግሊዝኛ ሳወራ አበርታዌ ልበል? የዩኒቨርሲቲው ወረቀት ላይ ሁለቱም ስም አለ። መንገድ ላይ ሁለቱም አለ። አክብሮት ለማሳየት ዌልሽኛውን ልጠቀም ብዬ አሰብኩ።

9. ሹፌሩ ከለንደን

አትድከም። ሰው ፊት ልታውቅ ፈልገህ ይመስላል። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ሳይችል "ጉዞዬ ወደ አዲስ አበባ ነው" ብሎ "በ"ዋን አጥብቆ ቢነግርህ ደስ ይልሃል? ደስ ይልሃል፣ ግን ትንሽ ትስቃለህ።

10. አዝማች

እነሱ መቼ "አበባ" አሉና? በላቲኑ ፊደል ስለተጻፈ "አዲስ አባባ" ነው የሚሉት። አዲስ አባባ! ማን እንደሆነ አናውቅም፣ አሮጌው አባባ የት እንደሄደም አልነገሩንም። ማን አረማቸው? እኛ ለምን ስለ "ዚ" እንቅልፍ እናጣለን?

11. ብዕረኛው

አዝማች ልክ ነው። ነገሩማ እኛም ጋ አለ። ናዝሬት እና አዳማ፣ ደብረ ዘይት እና ቢሾፍቱ። የትኛውን ስም እንደምትጠራ ሰው አይቶ

12. አወያይ

ብዕረኛው፣ የቀረውን አጥፍቼዋለሁ። ነጥቡ ገብቶናል፤ አንድ ከተማ ሁለት ስም ሲኖረው አጠራሩ ተራ ነገር አይሆንም። ግን ይህ ክር ስለ ስዎንዚ ነው። ያኛው ክር ባለፈው ዓመት አራት ሰው አሳግዷል።

13. እትዬ ጀበና

እኔ ሹፌሩ ባለው በግማሽ እስማማለሁ።

በእንግሊዝኛ ስታወራ ስዎንዚ በል። የአገሬው ሰውም እንደዚያ ነው የሚለው። ዌልሽኛ ተናጋሪ ጎረቤቴ አለች። ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ አበርታዌ፣ ወደኔ ዞራ በእንግሊዝኛ ስዎንዚ። አፏ ውስጥ መቀያየሪያ ያለ ነው የሚመስለው። ማንም አያስገድዳትም። ደግሞ አትርሳ፣ ከተማው ውስጥ ዌልሽኛ የሚናገረው ከአሥር ሰው አንድ ያህል ነው። አበርታዌ ብትለው ሁሉም ይገባዋል፣ ምልክቱን በየቀኑ ስለሚያየው። ግን አብዛኛው ራሱ አይለውም።

ነገር ግን ሰላምታ በዌልሽኛ ከጀመርክ፣ "ቦሬ ዳ" ብለህ እንደምን አደርክ ካልክ፣ እዚያ ላይ አበርታዌ በል። ያምርብሃል። አረጋውያን ቤት ስሠራ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ በመጨረሻ ጊዜያቸው እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው ዌልሽኛው ብቻ ቀረ። ስዎንዚ ብላቸው አይመልሱልኝም ነበር። አበርታዌ ስላቸው እጄን ይይዙኛል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የሚያስቅ ነው አትበሉት።

14. አስኳላ

እትዬ፣ ግሩም ነው ያሉት። አንድ ልጨምር። ይህ ነገር ቆሞ የቀረም አይደለም። በዌልስ ትልቁን ተራራ ስኖውደንን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርክ መሥሪያ ቤት በ2022 ከእንግዲህ በእንግሊዝኛም ቢሆን "ኧር ዊድቫ" ብዬ ነው የምጽፈው አለ። በ2023 ደግሞ ብሬከን ቢከንስ የሚባለው ፓርክ በዌልሽኛ ስሙ ብቻ ልጠራ አለ፤ ባናይ ብረኼይንዮግ። ጋዜጣው ሁሉ ተንጫጫ። ማን ይጥራው፣ ማን ይቻለው ተባለ። ስለዚህ የጣናው ልጅ ጥያቄ የእንግዳ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ እነሱም እርስ በርስ እየተጠያየቁት ነው።

የስዎንዚ ግን ይለያል ባይ ነኝ። ስኖውደን ዌልሽኛ በየቤቱ በሚነገርበት አካባቢ ነው ያለው። ስዎንዚ ትልቅ ወደብ ነበረች፣ የዓለም መዳብ የሚቀልጥባት። ከየትም የመጣ ሰው ነው የሞላት። ስሙም ከመርከበኛ ነው የመጣው። ሁለቱም ስም ከ800 ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖረዋል፣ አንዱ አንዱን አላባረረም።

15. ሹፌሩ ከለንደን

አስኳላ ሲጀምር አያቆምም እንጂ ደስ ይላል።

ስለ ምልክት ካነሳችሁ በፈረንጆቹ የ2008ቱን ታውቃላችሁ? እዚያው ስዎንዚ ነው። ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚል የመንገድ ምልክት ሊሠራ ነው። እንግሊዝኛው ተጻፈ። ዌልሽኛው እንዲተረጎም በኢሜይል ተላከ። መልስ መጣ፣ በዌልሽኛ። ምልክቱ ላይ ታተመ፣ ተተከለ። ዌልሽኛ የሚያነብ ሰው መጥቶ ሲያየው፦ "በአሁኑ ሰዓት ቢሮ ውስጥ የለሁም። የሚተረጎም ሥራ ካለ ላኩልኝ።" ተርጓሚው የተወው አውቶማቲክ መልስ ነበር!

16. አዝማች

ሞትኩ። የከባድ መኪናው ሹፌርም ቆሞ የሚጠብቅ ይመስለኛል፣ ተርጓሚው ቢሮ እስኪገባ።

17. እትዬ ጀበና

እውነት ነው፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ቢሆንም እስካሁን ይወራል። አሁን አዲስ የሚተከሉት ምልክቶች ላይ ዌልሽኛው ነው ከላይ። ድሮ የተተከሉት ላይ እንግሊዝኛው ይቀድማል። ስለዚህ ግራ አትጋቡ፣ ከላይ አበርታዌ ካያችሁ ከተማ አልተሳሳታችሁም። የጣናው ልጅ በቆመበት ባቡር ያለፈው አይደለም እንዴ፣ ምስኪን።

18. አዝማች

እኔ አንድ ነገር ላይ አልሸነፍም። በእንግሊዝኛ ዚ በሉ፣ እሺ። በአማርኛ ሳወራ ግን ስዋንሲ ነው የምለው። ቋንቋው የኛ ነው። ፈረንሳዮች "ፓሪ" ነው የሚሉት፣ እኛ ፓሪስ እንላለን፣ ማን ከሰሰን? ግብፆች አገራቸውን ግብፅ አይሉም። ግሪኮችም ግሪክ አይሉም። እትዬ ጀበናም "እንግሊዝ አገር" በአማርኛ ልማድ ነው ብለዋል፣ አንብቤያለሁ።

19. አስኳላ

ለፓሪስና ለግብፅ እስማማለሁ፣ እነዚያ መቶ ዓመት የኖሩ ስሞች ናቸው። ስዋንሲ ግን ትናንት በኳስ የገባ ነው። ፊደላችን ደግሞ "ዎ"ም "ዚ"ም አለው። የሌለንን ድምፅ ብትጠይቀን ይቅርታ እንላለን፣ ያለንን ምን ብለን እናበላሻለን?

20. አዝማች

ያኔ ስዎንዚ ሲቲ 1፣ ምናምን 0 ብለው በሬዲዮ ሲያነቡ ቡድን የቀየሩ ነው የሚመስለኝ። ባህል ነው በቃ።

21. ሹፌሩ ከለንደን

ሁለታችሁም አትስማሙ፣ ክሩ ይርዘም።

22. የጣናው ልጅ

እንደገና ሰላም። አሥር ቀን ጠፋሁ፣ ትምህርት ተጀመረ።

ዛሬ አውቶቡስ ላይ ሹፌሩን "ስዎንዚ መሀል ከተማ?" አልኩት። አላስደገመኝም! ትኬቱን ቆርጦ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ያስደስታል ብዬ አላስብም ነበር። ክፍል ውስጥ ደግሞ ከናይጄሪያ የመጣ ልጅ "ስዋን ሲ" ሲል ሰማሁትና ልቤ በሐዘኔታ ተሞላ። የጆንዝን ነገር አስረዳሁት። አስኳላን አስመሰልኩ።

ዌልሽኛ ተናጋሪ መምህር አለችን። እትዬ እንዳሉት "ቦሬ ዳ" ብያት አበርታዌ አልኳት። "ር"ህ ቆንጆ ናት አለችኝ። ሳትስቅ ነው ያለችኝ።

አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ቅዳሜ ጓደኛ ጋ ልሄድ ነው። የሚኖረው ከዚህ ምዕራብ ባለች ከተማ ነው። ስሟ በሁለት "ል" ይጀምራል፣ መሀሏም ሁለት "ል" አለ። ላኔሊ ልበል? ወይስ እላኔሊ? ባቡር ጣቢያ እንደገና ስልኬን ማውጣት አልፈልግም።

23. አስኳላ

ኦ፣ ያቺ! እዚያ ላይ ፊደላችንም አያድነንም። ምላስህን "ል" ልትል እንዳሰብክ ጥርስህ ሥር ታስቀምጥና ድምፅ ሳታወጣ በጎንና ጎን ትነፋለህ። ዝይ የተቆጣች ይመስላል። እንግሊዞቹ ስለማይችሉት "ክላኔክሊ" ወይም "ፍላኔፍሊ" ዓይነት ነገር ነው የሚሉት።

24. እትዬ ጀበና

በጽሑፍ አይገባውም አስኳላ። አንተ ልጅ፣ አርብ ማታ ከክፍል ስትወጣ ቤት ና። ልጄ ታስተምርሃለች፣ እኔ ቡና አፈላለሁ። ብቻ ስትለማመድ ስኒውን አስቀምጥ፤ ባለፈው አንዱ ቡናውን ምንጣፌ ላይ ነፋው።